ምዕራፍ ስምንት፦ የእርምጃ ማጠፊያ

በምዕራፍ ሦስት ልም አጥንት የሚባለው የመገጣጠሚያ ሽፋን ምን እንደሆነ፣ በምዕራፍ ሰባት ደግሞ ይኸው ሽፋን በጉልበት ላይ ሲሳሳና ሲፈራርስ ሰውን ከእርሻው፣ ከገበያውና ከደረጃው እንዴት እንደሚያርቅ ታይቷል። ይህ ምዕራፍ የሚመለከተው ያው ሕመም በእግር አውራ ጣት ሥር ባለችው ትንሽ መገጣጠሚያ ላይ ሲያርፍ የሚሆነውን ነው። ጉልበት ሲታመም ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ጣት ሲታመም ግን ታማሚው ጫማውን ይወቅሳል፣ ጫማ ይቀይራል፣ እያነከሰም ቢሆን ሥራውን ይቀጥላል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ሐኪም ፊት የሚቀርበው መገጣጠሚያው ደንድኖ ካበቃ በኋላ ነው።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ሃሉክስ ሪጂደስ በሚል የላቲን ስም ይጠሩታል፤ የደነደነ አውራ ጣት ማለት ነው። በሕክምና ጽሑፍ ላይ ራሱን ችሎ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1887 እንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የቀረቡለት ሕክምናዎች ቁጥራቸው ቢበዛም ሁሉም የሚቆሙት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። ሕመሙ የሚመጣው እርምጃ የሚጠይቀው እጥፋት መገጣጠሚያው መስጠት ከሚችለው ሲበልጥ ነው፤ ስለዚህ ሕክምናው የሚጠየቀውን እጥፋት ይቀንሳል፣ ወይም እጥፋቱን የሚያግደውን ነገር ያነሳል፣ ወይም እጥፋቱን ጨርሶ ይተዋል። የመጨረሻው ለጆሮ እንግዳ ይመስላል፤ መንቀሳቀስ ያቃተውን መገጣጠሚያ ጭራሽ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ መድኃኒት የሚሆንበት ምክንያት ግን ከታች ደረጃ በደረጃ ሲታይ ግልጽ ይሆናል።

ከሚሌ ምድር የወጡ ጣቶች

የዚህችን መገጣጠሚያ ዋጋ ለመረዳት ከሚሌ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ ማግኘት ያስቸግራል። ከባቲ ቁልቁል የሚወርደው መንገድና ከአዋሽ ተነስቶ በገዋኔ በኩል ወደ ሰመራና ጅቡቲ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚገናኙት በዚህች ከተማ ሲሆን፣ የአዋሽ ሸለቆ ደለል ደግሞ የሰው ልጅ እግር የዛሬውን ቅርጽ እንዴት እንደያዘ የሚያሳዩ አጥንቶችን ማውጣት ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ በተባለው ስፍራ የተገኘችውና ዝርዝር ጥናቷ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው አርዲ ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች ናት፤ በሁለት እግሯ ቆማ መሄድ ትችል እንደነበር አጥኚዎቿ ቢደመድሙም፣ የእግሯ አውራ ጣት ግን እንደ እጅ አውራ ጣት ወደ ጎን የወጣና ቅርንጫፍ ለመጨበጥ የተመቸ ነበር። ከእርሷ በ1.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የምታንሰው ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. በ1974 በተገኘችበት በሐዳር፣ በሚቀጥለው ዓመት ከአንድ ስፍራ ከተሰበሰቡት የዝርያዋ አጥንቶች መካከል የእግር ጣቶችና የጣት ሥር አጥንቶች ይገኙበታል፤ በእነዚህ ላይ አውራ ጣት ከሌሎቹ አራት ጣቶች ጎን ተሰልፎ ይታያል።

ይህ ብቻ ቢሆን ታሪኩ ቀጥ ያለ መስመር በመሰለ ነበር፤ ጨባጩ ጣት ቀስ በቀስ ገፊ ጣት ሆነ ተብሎ ባለቀ። ነገር ግን ከሐዳር በስተ ሰሜን፣ ወራንሶ-ሚሌ ተብሎ በሚታወቀው የጥናት ክልል፣ ቡርቴሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የተገኙ ስምንት የቀኝ እግር አጥንቶች ነገሩን አወሳሰቡት። በዮሐንስ ኃይለሥላሴ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን በ2012 ይፋ ያደረገው ይህ እግር የ3.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው በመሆኑ ከድንቅነሽ ዝርያ ጋር በአንድ ዘመንና በአንድ አካባቢ የኖረ ፍጡር እግር ነው፤ አውራ ጣቱ ግን አጭርና ወደ ጎን የወጣ፣ የጣቱ ሥር አጥንት አናትም በዛሬ ሰው ላይ እንደሚታየው ወደ ላይ ተጠቅልሎ ያልሞላ ነው። ሌሎቹ ጣቶች ወደ ላይ ለመታጠፍ የተዘጋጁ መሆናቸው ሲታይ፣ ይህ ፍጡር መሬት ላይ ሲራመድ ራሱን ወደ ፊት የሚገፋው በአውራ ጣቱ ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ባሉት ጣቶች እንደነበር ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመና የብዙ ዝርያዎችን የጣት ሥር አጥንቶች ያነጻጸረ ሌላ ጥናትም አውራ ጣት ለዛሬው ዓይነት እርምጃ የተስማማውን ቅርጽ የያዘው ከሌሎቹ ጣቶች ኋላ መሆኑን አመልክቷል።

ከዚህ ተነስቶ የአውራ ጣት ሕመም የሰው ልጅ ቀጥ ብሎ ለመሄድ የከፈለው ዕዳ ነው የሚል ድምዳሜ አልፎ አልፎ ይነበባል። ድምዳሜው ያማረ ቢሆንም ችኩል ነው፤ ከሰው ልጆች አብዛኞቹ በዚሁ መገጣጠሚያ ዕድሜ ልካቸውን ያለ ሕመም ይራመዳሉና። ከቅሪተ አጥንቶቹ በእርግጠኝነት መውሰድ የሚቻለው ሌላ ነገር ነው፤ የዛሬው ሰው እርምጃ የመጨረሻውን ግፊት የሚያገኘው ከዚህች አንዲት እጥፋት መሆኑን፣ እጥፋቷ ስትጠፋ ደግሞ እግር ሥራውን ወደ ጎን ወዳሉት ጣቶች ለማሸጋገር እንደሚገደድ ነው።

ማጠፊያው እንዴት ይሠራል

መገጣጠሚያዋ የሁለት አጥንቶች መገናኛ ናት፤ ከኋላ የመጀመሪያው የጣት ሥር አጥንት ክብ አናቱን ይዞ ይመጣል፣ ከፊት ደግሞ የአውራ ጣት የመጀመሪያው አጥንት ጎድጎድ ባለ ጫፉ ይቀበለዋል። ከክቡ አናት ሥር ጥራጥሬ የሚያካክሉ ሁለት ትንንሽ አጥንቶች በጅማት ውስጥ ተቀብረው የሰውነትን ክብደት ይሸከማሉ። የሁለቱ ዋና አጥንቶች ጫፎች በልም አጥንት ተሸፍነዋል፤ በምዕራፍ ሦስት እንደተባለው ይህ ሽፋን የደም ሥርም ሆነ የስሜት ነርቭ የለውም፣ የሚመገበውም መገጣጠሚያውን ከሚያለሰልሰው ፈሳሽ ነው፤ ስለዚህ ሲጎዳ በቀላሉ አይጠገንም፣ መሳሳት ሲጀምርም ለባለቤቱ በሕመም አያሳውቅም።

ነገሩን የበር ማጠፊያ በሚባለው ብረት መመሰል ይቻላል። በሩ ጣቱ ነው፣ መቃኑ የተቀረው እግር ነው፣ ማጠፊያው ደግሞ መገጣጠሚያዋ ናት። የጤነኛ ሰው አውራ ጣት በእጅ ወደ ላይ ሲገፋ ከ65 እስከ 75 ዲግሪ ያህል ይከፈታል፤ ለተራ እርምጃ የሚያስፈልገው ግን ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ማለት በሩ በየእርምጃው ወለል ብሎ አይከፈትም፤ ነገር ግን ሰው ተረከዙን ከመሬት አንስቶ ክብደቱን በጣቱ ሥር አሳልፎ ወደ ፊት በሚሄድበት ቅጽበት የግድ ከግማሽ በላይ መከፈት አለበት።

እጥፋቱ ሌላም ሥራ አለው። ከተረከዝ ተነስቶ በውስጥ እግር በኩል እስከ ጣቶቹ ሥር የተዘረጋ ጠንካራ የጅማት ሽፋን አለ፤ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲታጠፍ ይህ ሽፋን በአጥንቱ ክብ አናት ላይ ስለሚጠመጠም ተረከዝና ጣት ይቀራረባሉ፣ የእግሩ ውስጣዊ ቅስትም ከፍ ይላል፣ ልል የነበረው እግርም ለግፊት የሚበቃ ጠንካራ አካል ይሆናል። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1954 ያብራራው ሂክስ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ነው። ማንም አንባቢ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ ሌላ ሰው አውራ ጣቱን በእጁ ወደ ላይ እንዲያነሳለት በማድረግ ማየት ይችላል፤ ጣቱ ሲነሳ በመርገጫው ውስጥ በኩል ያለው ጎድጓዳ ክፍል ከመሬት እየራቀ ይሄዳል።

በሩ መንገድ ላይ ሲነክስ

ልም አጥንቱ ሲሳሳ አጥንት ከአጥንት ጋር ይቀራረባል፣ ሰውነትም ጉዳቱን ለመሸከም በሚመስል ሁኔታ በመገጣጠሚያው ዳር አዲስ አጥንት ያበቅላል። በጉልበት ላይ ይህ አዲስ አጥንት ዙሪያውን የሚበቅል ሲሆን፣ በአውራ ጣት ላይ ግን በብዛት የሚታየው በላይኛው ጠርዝ፣ ልክ በሩ የሚከፈትበት አቅጣጫ ላይ ነው። ማጠፊያው ላይ ዝገት ተጋግሮ በሩ መንገድ ላይ እንደሚነክስ ሁሉ፣ ጣቱም ወደ ላይ ሲሄድ ከዚህ ጉብታ ጋር ይጋጫል። ሕመሙ የሚነሳው በዚህ ግጭት፣ በተቆጣው የመገጣጠሚያ ከረጢትና ከሥሩ ባለው አጥንት ላይ ነው። ጉብታው ከላይ በእጅ ይዳሰሳል፤ የቆዳ ጫማ ሲጫነው ደግሞ መቅላትና መቁሰል ይጨመርበታል።

ሕመሙ ከሴቶች ጋር ይበልጥ ይገናኛል፤ ከ50 ዓመት በላይ ከሆናቸው 40 ሰዎች አንዱን ያገኛል የሚለው ግምትም በሕክምና መጻሕፍት በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። መንስኤው ብዙ ጊዜ አይታወቅም። የቆየ አደጋ፣ ለምሳሌ በኳስ ጨዋታ የተጣመመ ወይም ድንጋይ የመታው ጣት፣ ከዓመታት በኋላ ሊያመጣው ይችላል፤ በቤተሰብ ውስጥ የሚታይበትም ጊዜ አለ።

ሐኪሞች የሕመሙን ደረጃ የሚለዩት በቀረው እጥፋት መጠንና በራጅ በሚታየው ለውጥ ነው። ጣቱ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ የሚታጠፍ ከሆነ ቀላል፣ ከ10 እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ10 በታች ከሆነ ከባድ ይባላል። ከቁጥሩ ይበልጥ ግን አንድ ጥያቄ የሕክምናውን አቅጣጫ ይወስናል፤ ጣቱ የሚያመው በእጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ ነው ወይስ መሐል መንገድ ላይም ያማል? በጫፉ ላይ ብቻ የሚያም ከሆነ ችግሩ ዝገቱ ነው፣ የማጠፊያው አካል ገና ደህና ነው። መሐል መንገድ ላይም የሚያም ከሆነ ግን ማጠፊያው ራሱ አልቋል።

ታማሚው ሳያውቀው አረማመዱን ይቀይራል። ክብደቱን ከአውራ ጣቱ ለማሸሽ እግሩን ወደ ውጭ ጠርዝ ያዘነብላል፤ ስለዚህ የጫማው ሶል በውጭ በኩል ቀድሞ ያልቃል፣ በሁለተኛው ጣት ሥር ቆዳው ይደድራል፣ አንዳንዴም ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ማመም ይጀምራሉ። ልምድ ያለው ሐኪም እግሩን ከማየቱ በፊት ያረጀውን ጫማ ገልብጦ የሚያየው ለዚህ ነው።

በአፋር እንደሚገኙት ከተሞች ባሉ ስፍራዎች ሕመሙ ቀድሞ የሚጋለጠው ግን በመንገድ ላይ ላይሆን ይችላል። በሶላት ጊዜ ሰጋጁ በሱጁድ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ የእግሩ ጣቶች ወደ ቂብላ ታጥፈው መሬቱን ይረግጣሉ፣ በሁለቱ ሱጁዶች መካከል ሲቀመጥም የቀኝ እግሩ በጣቶቹ ላይ ይቆማል፤ ይህ አቀማመጥ ከእርምጃ የበለጠ እጥፋት ይጠይቃል። የአምስቱ ግዴታ ሶላቶች ረከዓዎች በቀን 17 በመሆናቸው ሱጁዱ 34 ጊዜ ይደጋገማል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በዐቢይ ጾምና በሰሙነ ሕማማት የሚሰገደው ስግደትም በዚያው መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል። ሽንት ቤት ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ፣ ለከባድ መኪና ሹፌር ደግሞ በፊት እግሩ ረግጦ ወደ ጋቢና መውጣት ተመሳሳይ ናቸው። በሌላ አገር የተጻፉ የሕክምና መመሪያዎች ስለ ሩጫና ስለ ባለ ተረከዝ ጫማ ይጠይቃሉ፤ እዚህ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሰውየው እንዴት እንደሚሰግድና እንዴት እንደሚቀመጥ ነው።

ሌሊት የሚቀሰቅሰው ሕመም

ይኸው መገጣጠሚያ የሪህም ዋና ማረፊያ በመሆኑ ሁለቱ ሕመሞች በቀላሉ ይምታታሉ፤ ሕክምናቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ሪህ የሚመጣው ዩሪክ አሲድ የተባለው ተረፈ ምርት በደም ውስጥ በዝቶ በመገጣጠሚያው ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ ቅንጣቶች ሆኖ ሲረጋ ነው። ድንገት፣ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይነሳል፤ ጣቱ በሰዓታት ውስጥ ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው አይታገሥም፣ ከዚያም በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ይበርዳል። የደነደነ አውራ ጣት ግን በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ሲራመዱበት ያማል፣ ሲያርፉ ይሻላል። ሪህ በተነሳበት ቀን በደም ውስጥ ያለው የዩሪክ አሲድ መጠን ልከኛ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል አንድ የደም ምርመራ ብቻውን ነገሩን አይዘጋውም። ሪህ ተደጋግሞ የሚነሳበት ሰው አሎፑሪኖል የመሰለ የዩሪክ አሲድ መቀነሻ ለረጅም ጊዜ ያስፈልገዋል፤ የደነደነ ጣት ያለበት ሰው ግን ከዚህ መድኃኒት አንዳች አያገኝም።

ትኩሳት ያለበት፣ ቁስል የወጣበት ወይም የስኳር ሕመምተኛ የሆነ ሰው ጣቱ ድንገት ቀልቶ ካበጠ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት።

በሩን ብዙ አለመክፈት

የመጀመሪያው ሕክምና ጫማ ነው። በሩ እስከሚነክስበት ድረስ እንዳይከፈት ከተደረገ ጉብታው ቢኖርም ግጭቱ ይቀራል፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ ፊቱ የማይታጠፍ፣ ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ጫማውን በሁለት እጅ ይዞ አፍንጫውን ወደ ላይ ሲያጥፉት በቀላሉ የሚታጠፍ ከሆነ ለዚህ እግር አይሆንም። ከዚህም የሚሻለው ሶሉ ከፊት በኩል ወደ ላይ የተቀለበሰ ጫማ ነው፤ እግሩ በሶሉ ቅስት ላይ ተንከባልሎ ስለሚያልፍ ጣቱ መታጠፍ ሳያስፈልገው እርምጃው ይጠናቀቃል። የጫማው ፊት ሰፋና ከፍ ያለ ሲሆን ጉብታውን አይጫነውም። ባለ ተረከዝ ጫማ ግን ጣቱን ገና ከመራመዱ በፊት አጥፎ ስለሚያቆመው መቅረት አለበት።

በሚሌ ሙቀት ዝግ ጫማ ልበሱ የሚል ምክር ሰሚ እንደማያገኝ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የሚጫማው ነጠላ ጫማ ሲሆን፣ ለዚህ ሕመም ከእርሱ የከፋ አይገኝም፤ ሶሉ እንደ ልብ ይታጠፋል፣ እንዳያመልጥም አውራ ጣቱ በየእርምጃው መጨበጥ አለበት። ከጎማ የሚሠራው በረባሶ ግን ስሙ እንደ ድሃ ጫማ ቢነሳም፣ ሶሉ ግትር፣ ማሰሪያውም እግሩን ከኋላ የሚይዝ ስለሆነ ከውድ ስፖንጅ ጫማ የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄዶም በጫማው ውስጥ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ጫፉ የሚደርስ ወፍራም ቆዳ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ማስገባት ይቻላል፤ በትልልቅ ከተሞች በውድ ዋጋ የሚሸጠው የሕክምና የውስጥ ሶል የሚሠራውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ወጌሻ ዘንድ የሚሄዱ ታማሚዎችም አሉ። ማሸቱ ለጊዜው ሊያስታግስ ይችላል፤ ጣቱን በኃይል ወደ ላይ እያጠፉ ለማላላት መሞከር ግን በዛገ ማጠፊያ ላይ በርን እንደ መግፋት ነው። ዝገቱ አይነሳም፣ መቃኑ ይሰነጠቃል።

መድኃኒት ጫማውን ይደግፋል እንጂ አይተካውም። ፓራሲታሞል ለቀላል ሕመም ይሞከራል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክን የመሰሉት ብግነት ማስታገሻዎች ይበልጥ ይረዳሉ፣ ነገር ግን ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርጉና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ይህ የመጨረሻው አደጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍበት አካባቢ የተለየ ክብደት አለው፤ ሰውነቱ ውኃ ያጣ ሰው፣ በተለይም በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣ የሚውል ወይም ግፊት የሚታከም ሰው፣ እነዚህን እንክብሎች በየቀኑ ሲወስድ ኩላሊቱ ድርብ ጫና ይወርድበታል። መገጣጠሚያዋ ከቆዳው ሥር ቅርብ በመሆኗ ዳይክሎፌናክ በቅባት መልክ መቀባት ተመጣጣኝ አማራጭ ነው። ወደ መገጣጠሚያው የሚወጋው ስቴሮይድ ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊያሳርፍ ይችላል፤ በተለይ ሕመሙ ገና ቀላል በሆነበት ጊዜ ይጠቅማል፣ ደጋግሞ መወጋት ግን አይመከርም።

ብዙ ሰው በዚሁ ዕድሜውን ይገፋል። ራጁ ላይ የሚታየው ጉዳትና ሰውየው የሚሰማው ሕመም ሁልጊዜ አይመጣጠኑም፤ መገጣጠሚያው ከዓመት ዓመት እየደነደነ ሲሄድ ሕመሙ የሚቀንስላቸውም አሉ፣ ምክንያቱም የማይከፈት በር የሚነክስበት ቦታ የለውም።

መሞረድ

ጫማና መድኃኒት ካልበቁ ቀዶ ጥገና ይታሰባል። ከሚሌ የሚነሳ ታማሚ በዱብቲ አጠቃላይ ሆስፒታል ሊታይ ይችላል፤ ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ፣ ለምሳሌ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ መላክ ሊያስፈልገው ይችላል። በየትኛውም ቦታ ራጁ ታማሚው በእግሩ ቆሞ ቢነሳ ይመረጣል፤ ተኝቶ የተነሳ ራጅ ክብደት ሲያርፍበት የሚጠበውን ክፍተት ሊደብቅ ይችላልና።

ሕመሙ በእጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ ለሆነ ሰው የሚመረጠው ኬይሌክቶሚ የሚባለው ነው፤ ሐኪሙ ጉብታውን ከአጥንቱ አናት የላይኛው ክፍል ሩብ ያህል ጋር አብሮ ቆርጦ ያነሳል፣ ማጠፊያው ይሞረዳል ማለት ነው። ልም አጥንቱን አያድስም፤ መንገዱን ብቻ ያጸዳል። መገጣጠሚያው ሳይጣበቅ ስለሚቀር ታማሚው ቶሎ ይራመዳል፤ ጣቱን በየቀኑ እያጠፈ ማለማመድም ግዴታው ነው፣ አለዚያ በጠባሳ ተመልሶ ይደነድናል። አንዳንዴ ከዚሁ ጋር ከጣቱ አጥንት ላይ ትንሽ ሽብልቅ ወጥታ ጣቱ በቋሚነት ጥቂት ወደ ላይ እንዲያይ ይደረጋል፤ እንዲህ ሲሆን የቀረችው እጥፋት ባትጨምርም በእርምጃ ጊዜ በምትፈለግበት አቅጣጫ ትውላለች።

መዝጋት

ማጠፊያው ራሱ ላለቀበት ሰው ለረጅም ጊዜ የተፈተነው ሕክምና አርትሮዴሲስ፣ ማለትም ሁለቱን አጥንቶች ማጣበቅ ነው። የቀረው ልም አጥንት ይነሳል፣ አጥንቶቹ ፊት ለፊት ይገጠማሉ፣ በብሎን ወይም በብረት ሳህን ይታሰራሉ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥም አንድ አጥንት ይሆናሉ። በሩ ተቸነከረ ማለት ነው፤ መታጠፍ ስለማይኖር በዚያ መገጣጠሚያ የሚነሳው ሕመም ይቆማል። ታማሚዎች ሲሰሙት የሚደነግጡበት ይህ ሕክምና ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ አስተማማኝ ሆኖ የቆየ ሲሆን፣ ከአሥር ሰዎች በዘጠኙ ወይም ከዚያ በላይ አጥንቱ ይገጥማል። በአውራ ጣቱ ላይ የቀረችው ብቸኛ ማጠፊያ በመሐሉ ያለችው ትንሿ መገጣጠሚያ ብትሆንም፣ ጣቱ ከወለሉ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገጠም አብዛኛው ሰው ሜዳ ላይ ሳያነክስ ይሄዳል። ማጨስ አጥንቱ እንዳይገጥም ስለሚያደርግ አስቀድሞ መተው ያስፈልጋል።

በሩን ከመቸንከር ይልቅ አዲስ ማጠፊያ መግጠም ለምን አይቻልም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ብዙዎችም ሞክረውታል። ከሲሊኮን የተሠሩ መገጣጠሚያዎች ሲሰባበሩና በዙሪያቸው ያለውን አጥንት ሲያቆስሉ ታይተዋል። ካርቲቫ የተባለ፣ ልም አጥንትን እንዲተካ ከለስላሳ ሰው ሠራሽ ቁስ የተሠራ ትንሽ ውታፍ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 ፈቃድ አግኝቶ በሰፊው ከተተከለ በኋላ፣ እየወጣ ወይም እየሰጠመ ድጋሚ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከተጠበቀው በላይ በመብዛታቸው በ2024 ከገበያ ተሰብስቧል። ጉልበትና ዳሌ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ በተሳካ ሁኔታ ሲተኩ ጣት ያልተሳካበት አንዱ ምክንያት አጥንቱ እጅግ ትንሽ፣ ጫናው ግን ትልቅ መሆኑ ነው። ለአረጋዊና ብዙ ለማይራመድ ሰው የጣቱን አጥንት መነሻ ቆርጦ ማውጣት ጥንታዊ አማራጭ ሆኖ አለ፤ ሕመሙን ቢያስታግስም የጣቱን የግፊት ኃይል ያዳክማል።

የሚቸነከርበትን ማዕዘን መወሰን ግን ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው፤ አጥንቱ አንዴ ከገጠመ በኋላ ሌላ ቀዶ ጥገና ካልተደረገ አይለወጥም። ጠፍጣፋ ጫማ ብቻ የሚለብስ ሰውና ትንሽ ተረከዝ ያለው ጫማ የምትለብስ ሴት አንድ ማዕዘን አይስማማቸውም። የተጣበቀ ጣት በሱጁድ እንደ ቀድሞው ታጥፎ መሬት ሊረግጥ አይችልም፤ በእስልምና ሥርዓት ያልቻለ ሰው እንደ ዐቅሙ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦም ቢሆን እንዲሰግድ የተፈቀደ ቢሆንም፣ ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ታማሚ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሱጁድ ላይ ሲደርስበት ሕክምናው እንዳልተሳካ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ታማሚውን ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፎ እንደሚሰግድ ሆኖ እንዲያሳየው፣ ቁጢጥ ብሎም እንዲቀመጥ ቢጠይቀው፣ አንድ እግሩ ብቻ የታመመ ከሆነም በሌላኛው እግር ተደግፎ እንዴት እንደሚነሳ ቢያይ፣ ከራጁ የማያገኘውን መልስ ያገኛል፤ ሹፌር ከሆነ ደግሞ የትኛው እግሩ ቀድሞ የጋቢናውን መወጣጫ እንደሚረግጥና ወደ መሪው ከመመለሱ በፊት ስንት ሳምንት ማረፍ እንደሚችል አብሮ ይጠየቃል።